የሸክላ ቀለም

መጀመሪያ የደረሰው ፖሊስ ለጣቢያው ያስተላለፈው ወሬ ስህተት ነበር። «ሟቿ የቤቱ እመቤት አይደለችም፤ ማንነቷ ያልታወቀ ሌላ ሴት ናት» አለ። አይፈረድበትም። የቤቱን እመቤት ከተማው የሚያውቃት በጸጉሯ ነው። ከውበት ሳሎኑ በር በላይ በተሰቀለው ትልቅ ማስታወቂያ ላይ፣ ወርቃማ ጸጉሯን በትከሻዋ ላይ ለቅቃ ለወጪ ወራጁ ስትስቅ ሃያ ዓመት ሆኗታል። ስሟን የሚጠራ ሰው የለም፤ ሁሉም «ወርቃማዋ» ነው የሚላት። ከሳሎኑ በላይ ባለው መኖሪያ ቤት፣ መታጠቢያ ክፍሉ ወለል ላይ የተጋደመችው ሴት ጸጉር ግን ቡናማ ነበር። ባሏ ራሱ ቀርቦ «እሷ ናት» እስኪል ድረስ ፖሊሱ በአቋሙ ጸንቶ ቆየ።

መርማሪዋ የደረሰችው ከዚህ ክርክር በኋላ ነው። ሃምሳ ዓመት የደፈነች፣ ቀጭን፣ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ የምታንጠለጥል ሴት ናት። ጣቢያው ውስጥ በሌለችበት «መርፌ» ይሏታል። እሷም ታውቃለች። ስሙ የወጣላት ለቅጥነቷ ይሁን ለሥራዋ ግን አጣርታ አታውቅም፤ ማጣራት የማትወደው ነገር እሱ ብቻ ነው።

ሰፈሩ ውሃ በፈረቃ የሚያገኝ ስለሆነ የመታጠቢያ ገንዳው ሁልጊዜ እስከ አፉ ይሞላል። ሟቿ ከገንዳው ጎን ተንበርክካ፣ ጭንቅላቷን ውሃው ውስጥ ደፍታ ነበር የተገኘችው። ባሏ ጎትቶ አውጥቷታል። ውሃው የቀጠነ ሻይ መስሏል፤ ላዩ ላይ የፕላስቲክ ጆግ ይንሳፈፋል። የቆሻሻ ቅርጫቱ ውስጥ ባዶ የጸጉር ቀለም ካርቶን አለ፤ ከማንኛውም ሱቅ የሚገዛ ዓይነት ቡናማ።

ባልየው ደረጃው ላይ ተቀምጦ ጉልበቱን እያሸ ነበር። የሳሎኑ ባለቤት እሱ ነው። ሽክ ያለ፣ ሽቶው ከሐዘኑ ቀድሞ የሚሰማ ሰው ነው።

«ሰኞ ሰኞ ሳሎኑ ዝግ ነው» አላት። «እኔ ከጠዋት ጀምሮ ማተሚያ ቤት ነበርኩ። ማስታወቂያው አርጅቶ አዲስ እያሠራሁ ነው። ሠራተኞቹን ጠይቂያቸው፤ ከዓይናቸው አልተሰወርኩም። ስመለስ እንዲህ ሆና አገኘኋት።»

«ጸጉሯን ወደ ቡናማ ልትመልስ እንደሆነ ያውቁ ነበር?»

«ባውቅማ ኖሮ በሩን ቆልፌባት እወጣ ነበር።» ይህን ካለ በኋላ ነገሩ ምን እንደሚመስል ገባው። «ማለቴ፣ የሳሎኑ ስም እኮ በሷ ጸጉር ነው የቆመው። ለነገ ፎቶ አንሺ ቀጥሬ ነበር።»

መርማሪዋ ወደ መታጠቢያ ክፍሉ ተመለሰች። አዛዡ በሩ ላይ ቆሞ ሰዓቱን ያያል። እሱ ነገር ቶሎ ሲያልቅ የሚወድ ሰው ነው፤ ሲያልቅ እንጂ ሲጣራ ደስ ብሎት አያውቅም።

«ጸጉሯን ስታጥብ አዳለጣት። የገንዳው ጠርዝ መታት። ሰጠመች» አለ።

«ሊሆን ይችላል» አለች መርማሪዋ። የሟቿን እጆች አነሳች። መዳፏም ጥፍሯም ንጹሕ ነው። ከዚያ ከቅርጫቱ ካርቶኑን አወጣች። ከቀለሙ ጋር የሚመጣው ስስ ጓንት አሁንም እንደታጠፈ ከመመሪያ ወረቀቱ ጋር ተጣብቋል። ማንም አልዘረጋውም። ጎንበስ ብላ ወለሉን፣ ግድግዳውን፣ የበሩን ጀርባ መቃኘት ጀመረች። ከበሩ ጀርባ ዝቅ ብሎ፣ ነጩ ቀለም ላይ የጠብታ ምልክት አገኘች። ዝገት መሳይ ቀይ እንጂ ቡናማ አይደለም።

አዛዡ አንገቱን አስግጎ አየና «ዝገት ነው» አለ።

«የእንጨት በር ነው» አለች መርማሪዋ።

በማግስቱ የአስከሬን ሐኪሙ ውጤት ደረሰ። ሟቿ የሞተችው ሰጥማ ነው፤ ማጅራቷ ላይ ግን፣ ጸጉሩ ሥር፣ የጣት አሻራ የመሰሉ የበለዙ ምልክቶች አሉ። አንድ ሰው ወደ ታች ይዟታል። አዛዡ አደጋ ማለቱን በአንድ ጊዜ ተወና እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ነፍሰ ገዳይ አገኘ።

የተያዘችው ሳሎኑ ውስጥ ጸጉር ቀለም የምትቀባው ልጅ ናት። ቁመቷ አጭር ስለሆነ «ሚጢጢ» ይሏታል። ወላጅ አታውቅም። ገና በልጅነቷ ሳሎኑን ልትጠርግ ገብታ፣ የሟቿ ታላቅ እህት ሥራ አስተምራት ለዚህ የበቃች ናት። እሁድ ዕለት ወርቃማዋ ደንበኞች ፊት በጥፊ መትታ አባርራታለች። ሰኞ ቀን ደግሞ የፊት ለፊቱ ባለሱቅ ወደ ሳሎኑ ጓሮ ስትገባ አይቷታል።

«ጥፍሯ ሥር ቡናማ ቀለም አለ» አለ አዛዡ። «ቂም አለ። እዛ ቤት ገብታለች። ሌላ ምን ቀረሽ? ከነገ ወዲያ ጠዋት ለዐቃቤ ሕግ አስረክባታለሁ። የዕድሜ ልክ ነው።»

«ዓመቱን ሙሉ ቀለም የምትቀባ ልጅ ጥፍር ሥር ቀለም ባይገኝ ነበር የሚገርመኝ። እስከዚያ ልሥራበት።»

«እስከዚያ» አለ አዛዡ። «ከዛ በኋላ እንኳን አንቺ እኔም አላስቀራትም።»

ሚጢጢን ያገኘቻት ጣቢያው ጓሮ ባለች ጠባብ ክፍል ነው። ልጅቷ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ እግሯ ወለሉን በቅጡ አይነካም። አልቅሳ ጨርሳለች።

«ለምን መታችሽ?»

«አንዷን ደንበኛ ‹ከዚህ በላይ በብሊች ካነጣሽው ጸጉርሽ ይበጠሳል› ስላልኳት። እሷ ከጀርባዬ ቆማ ሰማች። ማስታወቂያችንን ታበላሺያለሽ አለችኝ።»

«ሰኞስ ምን ቆርጦሽ ሄድሽ?»

«መቀሴን ልወስድ። የራሴ ናት፤ ከዛ ቤት የኔ የምለው እሷን ብቻ ነው። በጓሮ በር ገብቼ፣ ከመሳቢያው አውጥቼ ሄድኩ። ፎቅ አልወጣሁም።»

«ከላይ የሰማሽው ነገር አለ?»

ሚጢጢ ትንሽ አሰበች። «ሳቅ። የሁለት ሴቶች ሳቅ። አንዱ የወርቃማዋ ነው፣ አውቀዋለሁ። ሌላውን ግን እዛ ቤት ሰምቼው አላውቅም። ሬዲዮ ነው ብዬ ተውኩት።»

መርማሪዋ ከቦርሳዋ የካርቶኑን ፎቶ አወጣች። «ይሄን ብሊች ለተደረገ ጸጉር ብትቀቢው ምን ይሆናል?»

«አረንጓዴ።» ልጅቷ መልሱን ለማምጣት አላሰበችም። «አመድማ አረንጓዴ።»

«አውቃለሁ። አንድ ጊዜ ሌቦች ለመከታተል ብዬ ጸጉሬን ቢጫ አደረግሁና፣ ሥራው ሲያልቅ ይሄንኑ ካርቶን ገዝቼ ለመመለስ ሞከርኩ። ወር ሙሉ የሻገተ ዳቦ መስዬ ቢሮ ገብቻለሁ። ባልደረቦቼ እስካሁን አልረሱትም። ግን ለምን እንደዛ እንደሚሆን ማንም አልነገረኝም።»

ሚጢጢ ከተያዘች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከንፈሯ ፈታ አለ። «ብሊቹ ከጸጉሩ ውስጥ ቀዩን ጠርጎ ያወጣዋል። ባዶ ነው የሚቀረው። ባዶ ላይ ቡናማ ብትቀቢ መሠረት የለውም። መጀመሪያ ቀዩን ትመልሺለታለሽ፤ መዳብ ቀለም ሥሩ ታደርጊለታለሽ። እሱን በፎጣ አድርቀሽ ከላዩ ቡናማውን ትቀቢያለሽ። ያኔ ጸጉር ይመስላል።» ድንገት ቀና ብላ አየቻት። «ይሄን ማወቄ ሊያሳስረኝ ነው አይደል?»

«ታስረሻል እኮ፤ ሊያስፈታሽም ይችላል።» መርማሪዋ ከሳሎኑ ተውሳ ያመጣችውን የቀለም ናሙና አወጣች፤ በቀለበት የታሰሩ ትንንሽ የጸጉር ጉንጉኖች ናቸው። «ወርቃማዋ ወደ ራሴ ጸጉር መልሺኝ ብትልሽ የትኛውን ትመርጪላት ነበር?»

ልጅቷ ጉንጉኖቹን አገላበጠች። «የራሷ ምን እንደነበር አላውቅም። ሥሩ እንደሆነ ሽበት ነው። ቅንድቧም ቀለም ነው። የልጅነቷ ፎቶዎች ሁሉ ጥቁርና ነጭ ናቸው።» ወደ ጥቁር የሚያደላ፣ ቀዝቃዛ ቡናማ ለየች። «ለፊቷ ይሄ ይሄድላት ነበር።»

ያንኑ ጥያቄ ባልየው ሳሎኑ ውስጥ፣ በመስተዋቶቹ መሐል ቆሞ ተጠየቀ። ቀለበቱን ተቀብሎ ብዙ ሳያይ መሐለኛውን ቡናማ አወጣ።

«ይሄ ብዙ ይሸጣል» አለ። «የሷን እንደሆነ አይቼው አላውቅም። ከአውቶቡስ ስትወርድ ነው መጀመሪያ ያየኋት፤ ያኔም ቢጫ ነበረች። ሌላ ከተማ ለልብስ ሱቆች ፎቶ ስትነሳ ቆይታ ነው የመጣችው። ከእህቷ ጋር አብረን ልንቀበላት ሄደን...»

«ከእህቷ ጋር እርስዎ ምን አገናኛችሁ?»

ባልየው ክራቫቱን አስተካከለ። «ያኔ ከእህቷ፣ ከእትዬ ጋር ነበር የተጫጨነው። የቆየ ነገር ነው። ሰው ወጣት ሆኖ ስንት ነገር ያደርጋል። እትዬም አልተቀየመችም፤ ይኸው እስከዛሬ አብራን ናት፣ ሳሎኑንም እሷ ናት የያዘችው።»

ይህን ያለው ዓይኑን በጨው ታጥቦ ነው። መርማሪዋ ብዙ ውሸታም አይታለች፤ ራሱን አምኖ የሚናገር ሰው ግን ከውሸታም ይልቅ ያስቆጣታል። አመስግናው ወደ ጓሮ ወጣች።

እትዬ ከሳሎኑ ጀርባ ባለች ክፍል ትኖራለች። ስሟ ጠፍቶ ከቀረ ቆይቷል፤ ሠራተኛውም ደንበኛውም አማቿም እትዬ ነው የሚሏት። ጸጉሯን በሻሽ ሸፍና፣ እግሯ ሥር ከተቆለለው ፎጣ አንዱን ታፋዋ ላይ ዘርግታ፣ እጆቿን ከሥሩ አድርጋ ተቀምጣ ነበር። ለመነሳት ሞከረችና መርማሪዋ «ይቀመጡ፣ ግድ የለም» አለቻት።

«ሰኞ የት ነበሩ?»

«እዚሁ። ራሴን አሞኝ ተኝቼ።»

«ፎቅ ሳቅ ተሰምቶ ነበር ይባላል።»

«እኔ አልሰማሁም። የተኛ ሰው ምን ይሰማል።»

«እርስዎም በፊት ቀለም ይቀቡ እንደነበር ሰማሁ።»

«ከዚህ ከተማ የሚበልጠኝ አልነበረም» አለች እትዬ። ጉራ አልነበረም፤ እንደ አድራሻ ነው የነገረቻት። «ከዛ እጄ እንቢ አለ። ቀለም ሲነካው ያብጣል፣ ውሃ ይቋጥራል፣ ይላጣል። ሐኪሙ ሁለተኛ እንዳትነኪ አለኝ። ጓንትም ሞክሬ ነበር፤ ግን ሲታጠብ ቀለሙ መልቀቁን በጣት ካልዳሰሱት አይታወቅም። ተውኩትና ሚጢጢን አስተማርኳት።»

«ሚጢጢ ታደርገዋለች ብለው ያስባሉ?»

እትዬ ፎጣው ላይ አቀረቀረች። «ዝንብ እንኳ አትገድልም።»

«የእህትዎ የራሷ ጸጉር ምን ዓይነት ነበር?»

«እንደኔው። ጥቁር፤ ከሰል።»

መርማሪዋ የናሙናውን ቀለበት ዘረጋችላት። እትዬ አልተቀበለችም። ከፎጣው ሥር እጇን ሳታወጣ፣ በአገጯ ጥቁሩን ጉንጉን አመለከተች። «ያ ነው» አለች።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ የእህትማማቾቹ አጎት ከሩቅ ደረሱ። መርዶውን ሰምተው ሌሊቱን ሙሉ የተጓዙ፣ ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው የያዙ ሽማግሌ ናቸው። አስከሬኑን ልሰናበት ስላሉ መርማሪዋ ይዛቸው ሄደች። የአስከሬን ክፍሉ አንድ ትልቅ መስኮት አለው። የሟቿ ጸጉር በሁለቱ ቀናት ደርቋል፤ የቀን ብርሃን ሲያርፍበት ውሃ ውስጥ እንደታየው ዓይነት ጥቁር ቡናማ አልነበረም። ከውስጡ ቀይ ያበራል፤ ከፊት እስከ ማጅራት፣ ከሥር እስከ ጫፍ አንድ ወጥ ነው።

ጨርቁ ሲገለጥ አጎትየው ወደ አስከሬኑ ቀረቡ። ለረጅም ጊዜ ካለቀሱ በኋላ ጸጉሩን በጣታቸው ነካ አደረጉት።

«ምንም አልተለወጠችም» አሉ። «ከቤት የወጣች ዕለት እንዲሁ ነበረች።»

«ጸጉሯ ማለትዎ ነው?»

«አዎ። ከዘሩ ሁሉ እንዲህ ያለ ጸጉር ያላት እሷ ብቻ ነበረች፤ ያልተተኮሰ ሸክላ ነው የሚመስለው። ልጅ ሆና ‹ሸክላ› ነበር የምንላት። ቢጫ ሆነች ሲሉኝ አላመንኩም ነበር። ይኸው የራሷ ነው።»

መርማሪዋ ሽማግሌውን ደግፋ ወንበር ላይ አስቀመጠቻቸው፤ ውሃም ሰጠቻቸው። ከዚያ መስኮቱ ጋ ቆማ ለጥቂት ጊዜ ወደ ውጭ አየች። ደስ አላላትም። ለአዛዡ ደውላ ሚጢጢን ይዞ ሳሎኑ ድረስ እንዲመጣ ጠየቀችው።

ሲሰበሰቡ ገና ፀሐይ አልጠለቀችም ነበር። ባልየው ገንዘብ መቀበያው አጠገብ ቆመ። አጎትየው ደንበኞች የሚጠብቁበት ሶፋ ላይ ተቀመጡ። ሚጢጢ እጇ በካቴና ታስሮ፣ ሁልጊዜ የምትሠራበት ወንበር ላይ እንደ ደንበኛ ተቀመጠች። እትዬ ፎጣ ታቅፋ ከማጠቢያዎቹ አጠገብ ቆመች። በመስተዋቶቹ ብዛት የተነሳ ማንም ከማንም ፊት መሸሸግ አይችልም ነበር።

«ካርቶኑ ውሸት ነው» ብላ ጀመረች መርማሪዋ። «ሟቿ ራሷን ቀብታ ቢሆን እጇ ንጹሕ ባልሆነ፤ ጓንት አድርጋ ነው እንዳንል ጓንቱ አልተዘረጋም። ደግሞም ያ ቀለም ብሊች የተደረገን ጸጉር አረንጓዴ ነው የሚያደርገው። የሷ ጸጉር አምሮ ወጥቷል። ስለዚህ መጀመሪያ መዳብ፣ ከላዩ ቡናማ ተቀብቷል። የመዳቡ ጠብታ ከበሩ ጀርባ አለ፤ ሳህኑ፣ ብሩሹና ፎጣው ግን የሉም። ሥራ የሚያውቅ ሰው ቀባት፣ ገደላት፣ ዕቃውን ወሰደና በምትኩ ካርቶን ጥሎ ሄደ።»

«ታዲያ እኔስ ምን አልኩ?» አለ አዛዡ። «ሥራ የምታውቀው ይቺው ናት።»

«እዚህ ቤት ሥራ የሚያውቁ ሦስት ናቸው። ባለሳሎኑም ዱሮ መቀስ ይዟል፤ ግን ማተሚያ ቤቱን ጠይቄያለሁ፣ እውነቱን ነው፣ ከዛ አልወጣም። ሁለት ቀሩ። አሁን ቀለሙን እንይ።» የናሙናውን ቀለበት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ሁላችሁንም የትኛውን ትመርጡላት እንደነበር ጠይቄያለሁ። ሚጢጢ ቀዝቃዛውን ቡናማ አለች። ባልየው ብዙ የሚሸጠውን አለ። ሁለቱም የራሷን ቀለም አይተውት አያውቁም። ሥሩ ሸብቷል፣ ቅንድቡ ተቀብቷል፣ ፎቶዎቹ ጥቁርና ነጭ ናቸው። ታዲያ የቀባት ሰው ያንን ያልተተኮሰ ሸክላ ቀለም ከየት አመጣው?»

አጎትየው ከሶፋው ቀና አሉ። «የራሷ አይደለም እንዴ?»

«አይደለም አባቴ። ተቀብቶ ነው። ያሳደጓትን አጎቷን እስኪያታልል ድረስ የራሷን መስሎ ነው የተቀባ። ጸጉሩ ከሃያ ዓመት በላይ ከሰው ዓይን ጠፍቷል። እንዲህ አድርጎ ለመመለስ በልቡ የያዘው ሰው ያስፈልጋል።»

«ሟቿ ራሷ ነግራት ሊሆን ይችላል» አለ አዛዡ፣ ወደ ሚጢጢ እየጠቆመ። «ቀላ ያለ ቡናማ ነበር ብላ።»

«እኔም ይሄን አስቤ ነበር። ግን ያን ጸጉር እያየች ያደገች አንዲት ሴት እዚህ ቤት አለች። ምን ዓይነት ነበር ብዬ ስጠይቃት ጥቁር ከሰል ነው አለችኝ። ሌላው ቢሳሳት አለማወቅ ነው። እሷ ልትሳሳት አትችልም። የሚዋሸው ደግሞ እውነቱ የሚያስይዘው ሰው ነው።» መርማሪዋ ወደ ማጠቢያዎቹ ዞረች። ድምጿ ዝቅ አለ። «እትዬ፣ ፎጣውን ያስቀምጡልኝ።»

እትዬ ፎጣውን አስቀመጠች። እጆቿ ከጣት ጫፍ እስከ አንጓ አብጠው፣ ውሃ ቋጥረው፣ ቦታ ቦታው ተልጦ ነበር።

«ጓንቱን ያወለቁት መጨረሻ ላይ ነው» አለች መርማሪዋ። «ቀለሙ መልቀቁን በጣትዎ ሊዳስሱ።»

«ወንዶች ይመጣሉ ብዬ ነበር» አለች እትዬ በእርጋታ። «ወንድ ቡናማ ካየ ቡናማ ነው ብሎ ይሄዳል።»



«እሷ ናት የለመነችኝ» ስትል ቀጠለች እትዬ። «‹ጸጉሬን መልሺልኝ፣ አንቺ ብቻ ነሽ የምታውቂው› አለችኝ። እጄን ረሳሽው ወይ ስላት ስማኝ ስማኝ አሳመነችኝ። ስንቀባባ ከሰዓት ሆነ። እናታችን ከሞተች ወዲህ እንደዛ ስቀን አናውቅም። መዳቡ ላይ ቡናማው ሲይዝ፣ ሸክላዬ ተመልሳ መጣች አልኩ። ደስ አለኝ። እውነት ደስ አለኝ።»

እትዬ ወደ ማጠቢያው ዞረች።

«ከዛ ጎንበስ አለችና ላጥባት ጀመርኩ። ወደ ውሃው እያየች ነው ያወራችኝ። ‹ልሄድ ነው› አለች። ‹ሰውየውን ትቼልሻለሁ፣ ውሰጂው።› ማጠቤን ቀጠልኩ። ‹እውነቱን ልንገርሽ አይደል፣ እኔ መጀመሪያም አልወደድኩትም። ያንቺ ስለነበረ ነው፤ መውሰድ እችል እንደሆነ ለማየት። ከወሰድኩት በኋላ መመለሻው ጠፋኝ› አለችና ሳቀች። እኔ እጄ ማጅራቷ ላይ ነበር።» እትዬ የቆሰሉ እጆቿን አየች። «ብትወደው ኖሮ ምንም አልነበረም። ትወደዋለች ብዬ አይደል ሃያ ዓመት የቻልኩት?»

ባልየው ገንዘብ መቀበያውን ተደግፎ ቆሞ ነበር። ፊቱ አመድ መስሏል። «አልወደድኩትም አለች?» ብሎ ጠየቀ። ከሰማው ሁሉ ውስጥ የያዘው ይህንኑ ነው።

አጎትየው ባርኔጣቸውን ፊታቸው ላይ ደፍተው በለሆሳስ አለቀሱ። አንዷን ሊቀብሩ መጥተው ሁለቱንም አጥተዋል። አዛዡ የሚጢጢን ካቴና ፈታ፤ ይቅርታ ለማለት አፉን ከፍቶ፣ ቃሉን ስላልለመደው መልሶ ዘጋው። መርማሪዋ ካቴናውን ተቀበለችውና ቁስሉን እንዳይነካ ከእጅጌው በላይ አድርጋ እትዬን አሰረቻት። እጇ ብዙ ጊዜ ይህን ሠርቷል፤ እንደዚያን ቀን የከበዳት ግን የለም።

እትዬ ወደ በሩ ስትሄድ ሚጢጢ አጠገብ ስትደርስ ቆመች።

«ልጄ» አለቻት።

ሚጢጢ ዕድሜዋን ሙሉ እትዬን «እርስዎ» ብላ ነው የኖረችው። አሁን ያንን ተወችው።

«ሁለቱንም ቀን ምግብ ይዘሽልኝ መጣሽ» አለች። «ብርድ ልብሴን አስተካከልሽልኝ። በልቼ እስክጨርስ አጠገቤ ቁጭ አልሽ። ጠባቂዎቹ ሁሉ ነፍሰ ገዳይ ሲሉኝ፣ ግድ የለም፣ ንጹሕ መሆኔን የምታምን አንድ ሰው አለችኝ ብዬ ነው የተጽናናሁት።»



«ማመን አይደለም ልጄ» አለች እትዬ። «አውቅ ነበር።»

ሚጢጢ ካቴናው የፋቀውን የእጅ አንጓዋን እያሸች ፊቷን አዞረች። እትዬ በሩ ላይ ቆማ ትንሽ ጠበቀች፤ ልጅቷ ግን መልሳ አላየቻትም።